ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ደም የሚገታው ጨርቅ

በሽታን መርምሮ ለማወቅ ቀናት፣ ታማሚን አስታሞ ለማዳን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የተቆረጠ ደም ሥር ግን ቀጠሮ አይቀበልም። ደሙ ካልተገታ ብርቱ ጎልማሳ እንኳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነፍሱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህም ደምን የመግታት ጥበብ ከሌላው የሕክምና ጥበብ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሐኪሙ ዕውቀት ብቻውን የማይበቃ መሆኑና ዕውቀቱን የተሸከመው ክር ወይም ጨርቅ በዚያችው ሰዓት በቁስለኛው አጠገብ መገኘት ያለበት መሆኑ ነው። በዕውቀትና በቁስለኛው መካከል ያለውን ይህን ርቀት ለማጥበብ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ኢትዮጵያውያን መካከል ቀዳሚው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቅነህ የተወለዱት በ1865 ገደማ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በምትገኘው በጎንደር ከተማ ነው። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት፣ በጣና ዙሪያ ያለው አገር በጦርነት የታመሰበት ጊዜ ነበር። በ1866 መጨረሻ ጎንደር በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። የሕፃኑ ቤተ ሰብም እንደ ብዙዎቹ ከቀየው ተነቅሎ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ልጅ በግርግሩ መካከል ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። ቻምበርሊን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰደው። ቻምበርሊን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። የጎንደሩ ወርቅነህም በሁለቱ አሳዳጊዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። የእናቱን ቋንቋ ረሳ፤ ከአገሩ ይዞት የሄደው በገላው ላይ የነበረውን ጠባሳ ብቻ ነበር።

ሕፃኑ ከመወለዱ ስድስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1859፣ በፈረንሳይ አገር አንድ ሌላ ነገር ተወልዶ ነበር። ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1811 ከእንጉዳይ ውስጥ ለይቶ ያወጣው ካይቲን የተባለ ንጥረ ነገር በነፍሳት ልባስና በሸርጣን ቅርፊትም እንደሚገኝ ከታወቀ ቆይቷል። ይህ ነገር በውሃም ሆነ በተራ አሲድ አልሟሟ የሚል ግትር ነገር ነው። ሩዤ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ ግን በ1859 ካይቲኑን በብርቱ ፖታሽ ውስጥ ቀቅሎ ባሕርዩን ለወጠው፤ የተለወጠውም ነገር በለዘብተኛ አሲድ የሚሟሟ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ካይቶሳን እየተባለ የሚጠራውና የሚፈስ ደምን የሚገታው ንጥረ ነገር ይህ ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ደምና ካይቶሳን የሚገናኙ መሆናቸውን ያሰበ ሰው አልነበረም። የልጁና የንጥረ ነገሩ ታሪክ ሳይገናኙ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ተጓዙ።

ወጣቱ ወርቅነህ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1882 ተመረቁ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራ ትምህርታቸውን አሻሻሉ። የተማሩበት ዘመን ቀዶ ሕክምና መልኩን የለወጠበት ዘመን ነበር። ከ1869 እስከ 1877 በኤዲንብራ ያስተማረው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከብክለት የመጠበቅን ዘዴ ለዓለም አስተዋውቋል። ይኸው ሊስተር የተቆረጠ ደም ሥር የሚታሰርበትን ክር ከእንስሳት አንጀት እንዲሠራ፣ በካርቦሊክ አሲድም እንዲጸዳ አደረገ። ከዚያ በፊት የነበረው የሐር ወይም የተልባ እግር ክር በገላ ውስጥ እንደ ባዕድ እየተቆጠረ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ ያደርግ ነበር፤ የአንጀቱ ክር ግን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ገላው ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከሕያው ፍጥረት የተገኘ ነገር ደምን ገትቶ ሊጠፋ የሚችል መሆኑ ለዚያ ትውልድ ሐኪሞች የዕለት ሥራ ሆነ። ወርቅነህ የተቀበሉት ውርስ ይህ ነው።

ወጣቱ ሐኪም በብሪታንያ መንግሥት አገልግሎት ወደ በርማ ተልከው በዚያ ሲሠሩ፣ በ1894 ሆፐ ዛይለር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሩዤን ግኝት መርምሮ ካይቶሳን የሚለውን ስም ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከኢትዮጵያ ታላቅ ወሬ ተሰማ። ዐድዋ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት የኢጣሊያን ጦር ድል አደረገ። የድሉ ዋጋ ግን እጅግ ከባድ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ቁስለኛ ከጦር ሜዳ ወደየቤቱ የተመለሰው ሐኪም ሳያየው ነው። ቁስለኛው የተረፈው በጓደኛው ነጠላ ቁራጭ ታስሮ፣ በጋለ ብረት ተተኩሶ፣ በወጌሻ እጅ ታሽቶ ነው። የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በዚያው ዓመት በሐምሌ አዲስ አበባ ሲደርስ በየካቲት የቆሰሉት ሰዎች ከእነ አሮጌ ቁስላቸው ተቀበሉት። ደማቸው በጦር ሜዳ የፈሰሰው ግን ቡድኑን ሊጠብቁ አልቻሉም።

የዐድዋ ወሬ ቻርልስ ማርቲን ለተባሉት ሐኪም የአገራቸውን መንገድ አመለከታቸው። በምዕት ዓመቱ መዝጊያ ላይ ፈቃድ ወስደው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ አዲስ አበባም በድንኳን ውስጥ ሕመምተኛ መቀበል ጀመሩ። አማርኛ ስለማያውቁ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ከመቅደላ የጠፋ የጎንደር ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚለው ወሬ ሲናፈስ አያታቸው ዘንድ ደረሰ። አሮጊቷም መጥተው በሐኪሙ ክንድና እግር ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው የልጃቸው ልጅ መሆናቸውን አረጋገጡ። በሠላሳ ዓመት ስደት ስሙ፣ ቋንቋውና ልብሱ ሁሉ ተለውጦ ሳለ ማንነታቸውን የመሰከረው የዳነ ቁስል ምልክት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐኪሙ ሁለት ስም ያላቸው ሰው ሆኑ፤ ለብሪታንያ መዝገብ ዶክተር ማርቲን፣ ለወገናቸው ሐኪም ወርቅነህ።

የብሪታንያ መንግሥት ባልደረባ በመሆናቸው ተመልሰው ወደ በርማ መሄድ ግድ ሆነባቸው። በ1908 በአዲስ አበባ የብሪታንያ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና መጡ፤ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉንም አግብተው ብዙ ልጆች አፈሩ። ከ1919 ወዲህ የውጭውን አገልግሎት ፈጽመው ትተው በአገራቸው ኖሩ። ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ለአንድ ሐኪም የበዛ ይመስላል። የፍል ውሃን መታጠቢያ አሻሻሉ፤ በልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀመጡ፤ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበትን ቤት ተንከባከቡ፤ ከህንድ አገር ባለሙያዎችን አስመጡ፤ በመንገድ ሥራም ገቡ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም ጨርጨርን በአገረ ገዥነት አስተዳደሩ። አንዳንድ ሰዎች ሐኪሙ ሙያቸውን ትተው ሌላ ሥራ ውስጥ ገቡ ብለው ሊያስቡ ይችሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መንገድ በሌለበት አገር መድኃኒት ከሕመምተኛው አይደርስም፤ ትምህርት ቤት በሌለበት አገርም አንዱ ሐኪም ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ሐኪም ወርቅነህ በድንኳናቸው ውስጥ የተረዱት ይህንን ነበር፤ የቀረውም የሕይወታቸው ሥራ ሁሉ ከዚያው ድንኳን የወጣ ነው።

ለመሐንዲሶች ቅርብ የሚሆነው የሐኪሙ ሥራ ከትውልድ አገራቸው ሐይቅ ጋር የተያያዘው ነው። በ1902 በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ ያለ ብሪታንያ ስምምነት የዐባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚገድብ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገብተው ነበር። በ1925 ብሪታንያና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና በደብዳቤ ተስማሙ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ይህንን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያም በ1927 ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ከጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር በጣና መውጫ ላይ ግድብ ስለሚሠራበት ሁኔታ ተነጋገሩ። የኩባንያው መሐንዲሶች በ1930ዎቹ መጀመሪያ መጥተው ቦታውን ቀየሱ፤ ግድቡ ግን ጦርነቱ ስለ ቀደመው ሳይሠራ ቀረ። የጭስ ዐባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1964፣ በባሕር ዳር አጠገብ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጫራ ጫራ ግድብ የተሠራው ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሐኪሙ የተደራደሩበት ሐሳብ በሌላ መልክ ፍጻሜ እስኪያገኝ ሰባ ዓመት ያህል ጠብቋል።

በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ በዚያ ከተማ ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ ለቁስለኛው ርዳታ መለመን ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በዚያው ዓመት በሐምሌ ነው፤ ማከማቻው ባዶ፣ ሐኪሞቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ አምቡላንስ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ግንባር ዘመተ። ፋሽስቶች ግን የቀይ መስቀልን ምልክት አላከበሩም። በታኅሣሥ 1935 በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን አምቡላንስ፣ በመጋቢት 1936 ደግሞ በኮረም የነበረውን የብሪታንያ አምቡላንስ በአውሮፕላን ደበደቡ። ሜሊም በግንቦት አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

በዚያን ጊዜ ለአንድ ደም ለሚፈሰው ኢትዮጵያዊ ወታደር ሊደርስለት የሚችለው ነገር የጥጥ ፋሻ፣ ጅማት ማሰሪያና የሐኪም እጅ ነበር፤ እርሱም ከደረሰ ነው። ካይቶሳን የሚባለው ነገር ከታወቀ ሰባ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። በኬሚስቶች ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጧል፤ የቁስለኛው ደም ደግሞ በማይጨውና በተምቤን መሬት ላይ ይፈስሳል። ሁለቱን ለማገናኘት የጎደለው ንጥረ ነገሩ አልነበረም፤ የጎደለው ከጠርሙሱ አውጥቶ ወደ ጨርቅ የሚለውጠው ባለሙያ ነበር።

የሐኪሙ የራሳቸው ቁስል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ተምረው ለአገራቸው ሊዋጉ የተመለሱት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በተፈጸመው ፍጅት በፋሽስቶች ተገደሉ። ስንት የሰው ልጅ አክመው ያዳኑት አባት ለእነዚህ ልጆቻቸው ሊደርሱላቸው አልቻሉም። የስደት ዘመናቸውን ከፊሉን ባደጉበት በህንድ አሳልፈው፣ ከነፃነት በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጥቅምት 1952 በአዲስ አበባ አረፉ። ካይቶሳን በዚያን ጊዜም ከጠርሙሱ አልወጣም ነበር።

ንጥረ ነገሩና ቁስለኛው የተገናኙት ሐኪሙ ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1983 አሜሪካውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ካይቶሳን ደምን እንደሚያረጋ፣ ይልቁንም ሄፓሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በተቀላቀለበት ደም ላይ ሳይቀር እንደሚሠራ አስታወቁ። አሠራሩ ለመሐንዲስ የሚገባ ነው። ካይቶሳን በለዘብተኛ አሲድ አካባቢ አዎንታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይይዛል፤ የቀይ የደም ህዋሳት ገጽ ደግሞ አሉታዊ ሙል አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ይሳሳባሉ፤ ህዋሳቱ ከካይቶሳኑና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የቁስሉን አፍ ይደፍናሉ። ፕላትሌት የተባሉት የደም ህዋሳትም በዚያው ላይ ይሰበሰባሉ። ገላው ደምን የሚያረጋበት የራሱ ረጅም ሰንሰለት በቅዝቃዜ፣ በመድኃኒት ወይም በብዙ ደም መፍሰስ ሲደክም ይህኛው መንገድ በአመዛኙ ያልደከመ ሆኖ ይቆያል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በካይቶሳን የተሠራ የቁስል መሸፈኛ በአሜሪካ ተፈቅዶ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ ጦር ሜዳዎች ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በካይቶሳን የተለበጠ ጎዝ በአንዳንድ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ጭምር አገልግሏል። እርግጥ ነው፣ ማሕፀንን የሚያኮማትሩትን መድኃኒቶች፣ የሐኪምን እጅ፣ የሚለገስን ደም አይተካም፤ እነርሱ እስኪደርሱ ወይም እነርሱ ሲያቅታቸው ጊዜ ይገዛል።

ጊዜ መግዛት በጣና ዳር ትርጉሙ ከባድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በመላው ዓለም እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ከሐይቁ ደሴት ወይም ከዳር ካለ መንደር ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች የምትወሰድ ወላድ መጀመሪያ የምታቋርጠው ውሃውን ነው፤ ታንኳውም ሆነ ጀልባው የሚሄደው በራሱ ፍጥነት እንጂ በደሟ ፍጥነት አይደለም።

ያም ሆኖ በዚያው ሐይቅ ዳር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ነገር ተራርቆ አልተቀመጠም። ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ በ1961 የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገኘው በባሕር ዳር ነው፤ የሐኪሙን ልጆች የገደለው ጦርነት ካሳ ለከተማዋ የሰጠው ጨርቅ መሥሪያ ሆነ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም አድጎ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩትም የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ጥሬ ዕቃውን በተመለከተ ግን አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ከጣና የሚወጣው ዓሣ ቅርፊት በአብዛኛው ኮላጅንና የካልሲየም ማዕድን እንጂ ካይቲን አይደለም። ባሕር የሌለው አገር ግን ያለ ካይቲን አልቀረም። ብራኮኖ በ1811 ያገኘው ከባሕር ሳይሆን ከእንጉዳይ ነበር፤ በፋብሪካ በሚራቡ ሻጋታዎችና በነፍሳት ልባስ፣ ከቀፎ በሚጠረግ የሞተ ንብ ሳይቀር ይገኛል።

ቀሪው ሥራ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ማዕድኑ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ፕሮቲኑ በቀጭን ኮስቲክ ሶዳ ይወገዳል፤ ካይቲኑም ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆን የኮስቲክ ሶዳ ውስጥ በሙቀት ወደ ካይቶሳን ይለወጣል። ይህን በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ጊዜ ማድረግ ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር የመቶኛው ጊዜ ምርት ከመጀመሪያው ጋር አንድ እንዲሆን፣ ሞለኪውሉ በሚፈለገው ርዝመት እንዲቆይ፣ ትኩሳት የሚያመጣ የባክቴሪያ ቅሪት እንዳይኖርበት፣ በማምከኛው ጨረር ኃይሉን እንዳያጣ ማድረግ ነው። የተጠቀለለው ጎዝ በገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ዓመት ተቀምጦ በሚያስፈልግበት ሌሊት እንደ መጀመሪያው ቀን መሥራት አለበት። ይህ ያልተረጋገጠለት ጨርቅ ደም ለሚፈሰው ሰው ተስፋ ሳይሆን አደጋ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ካይቶሳን የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቁ ሞተዋል፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም ነበር። በዕድሜያቸው ሁሉ ያሳዩት ግን ዕውቀት በሩቅ አገር መኖሩ ቁስለኛን እንደማያድን፣ ዕውቀቱን ተሸክሞ የሚመለስ ሰው፣ የሚመላለስበት መንገድና የሚተካው ተማሪ እንደሚያስፈልግ ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ በጠባሳው ታውቆ የወገኑ ሐኪም ሆነ። ከጠርሙስ ወደ ጦር ሜዳ ለመድረስ አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል የፈጀው ንጥረ ነገር ግን ገና ከጣና ዳር አልደረሰም። እርሱን የማድረሱ ሥራ የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ጥራት የሚለካ፣ ጨርቅ የሚሸምን ባለሙያ ሁሉ ድርሻ አለበት።